ሀገር ሰጥተን መልሱን ያልተቀበልንበት ፊልም

የአሳንሰሩ በር ግጭ ብሎ ተዘጋ። ስክሪኑ ጨለመ። «መብራት ሄደ!» አልን፣ አምስታችንም ባንድ አፍ።

መብራት ግን አልሄደም። የስታቢላይዘሯ አረንጓዴ ነጥብ ጥግ ላይ እንደበራች ናት። ፍሪጁም ያጉረመርማል። ከዚያ ሙዚቃው ገባ፤ ስም ዝርዝሩ መውጣት ጀመረ። ፊልሙ አልቆ ኖሯል።

አንዱ ጓደኛችን አሁንም አላመነም። ተነስቶ ሶኬቱን ነካ ነካ አደረገ። «በቃ? እንዲህ ነው የሚያልቀው?»

«እንዲህ ነው።»

«አይደለም» አለ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ታላቃችን። «እኔ ይሄን ፊልም በልጅነቴ አይቼዋለሁ። እንዲህ አያልቅም።»

ክርክሩ እዚያ ላይ ተጀመረ። እስከ ዛሬም አላለቀም።

ቤቱ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። ከጣና ብዙ አይርቅም፤ መስኮቱ ከተከፈተ እንቁራሪቱ ከፊልሙ ድምፅ ጋር ይፎካከራል። ፊልሙ «ብሌድ ራነር» ነው፣ ሪድሊ ስኮት በፈረንጅ 1982 የሠራው። የመጣልን በፍላሽ ነው። ባሕር ዳር ላይ ኢንተርኔት ደኅና የሆነ ቀን ያወረደ ሰው ለሌላው ያቀብላል። ሲኒማችን ከኪስ ወደ ኪስ ይዞራል።

የአርባ ዓመት ፊልም ለምን አሁን? አንደኛው ምክንያት የሁሉም ነው። አማዞን «ብሌድ ራነር 2099» የሚባል ተከታታይ ድራማ አሠርቷል። ሚሼል ዮ እና ሀንተር ሻፈር ይተውኑበታል፤ ስኮትም ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ከሥሩ እንጀምር አልን። ሁለተኛው ምክንያት ግን የኛ ብቻ ነው። ፊልሙ ሲከፈት «ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 2019» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ለፈረንጆቹ ይህ ቀን አልፏል። «የሚበረው መኪና የታለ?» እያሉ ቀልደውበት ጨርሰዋል። እኛ ጋ ግን ኅዳር 2019 ገና ይመጣል። እዚህ ሐይቅ ዳር «ብሌድ ራነር» ዛሬም ስለ ወደፊቱ የሚያወራ ፊልም ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ እንዳትደናገሩ።)

ፊልሙን ላላየ ሰው ታሪኩን ላሳጥረው። ካላያችሁት መጨረሻውን እየነገርኳችሁ መሆኑን ግን እወቁት።

ሰውን መስለው የተሠሩ ፍጥረቶች አሉ፤ ሪፕሊካንት ይባላሉ። ሥጋ አላቸው፣ ይደማሉ፣ ያለቅሳሉ። በሌሎች ዓለማት ጉልበት እንዲሠሩ ነው የተፈጠሩት። ዕድሜያቸው አራት ዓመት ብቻ ነው። ምድር ላይ መገኘት አይፈቀድላቸውም። አምልጠው የመጡትን እያደነ የሚገድል ፖሊስ አለ፤ ሪክ ዴከርድ ይባላል፣ ሃሪሰን ፎርድ ነው። ዴከርድ እያደናቸው ሳለ ሬቸል ከምትባል ሴት ጋር ይዋደዳል። እሷም ሪፕሊካንት ናት። የባሰው ደግሞ መሆኗን አታውቅም ነበር። የልጅነት ትዝታዋ ሁሉ የሌላ ሰው ነው፤ እንደ ፍላሽ ፋይል ተገልብጦ ጭንቅላቷ ውስጥ የገባ።

መነሻው ፊሊፕ ኬ. ዲክ በ1968 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ደራሲው ፊልሙ ለሕዝብ ሊቀርብ ወራት ሲቀሩት፣ መጋቢት 1982 ላይ ሞተ። ልብ ወለዱ ውስጥ እንስሳት ሊያልቁ ስለደረሱ እውነተኛ በግ ማርባት የሀብታም ነገር ነው። ዴከርድ ጣሪያው ላይ የኤሌክትሪክ በግ ያረባል፤ ጎረቤት እውነተኛ ይምሰለው ብሎ። ይህን ስነግራቸው አንዱ «ታዲያ ለፋሲካ ምን ሊያርድ ነው?» አለ። የዚያን ሌሊት ሁላችንም የተስማማንበት ጥያቄ ይህ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ መጨረሻው። ዴከርድ ሬቸልን ይዞ ሊሸሽ ከቤቱ ይወጣል። ኮሪደሩ ላይ የሬቸል ጫማ አንዲት ትንሽ ነገር ይነካል። ዴከርድ ጎንበስ ብሎ ያነሳታል። የማስቲካ ወረቀት በምታህል ብልጭልጭ ወረቀት የተሠራች፣ አንድ ቀንድ ያላት ፈረስ ናት። የሠራት ጋፍ ነው፤ አብሮት የሚሠራው፣ ፊልሙን ሁሉ ወረቀት ሲያጥፍ የሚውለው ፖሊስ። ዴከርድ ፈረሷን ያያታል። ጋፍ ቀደም ብሎ የጮኸለት ቃል ጆሮው ላይ ያቃጭላል፤ «ያሳዝናል፣ እሷ አትኖርም። ግን ማንስ ይኖራል?» አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል። አሳንሰሩ ውስጥ ይገባል። በሩ ይዘጋል። መብራት ሄደ።

ችግሩ የት ነው? ቀደም ብሎ ዴከርድ ፒያኖው ላይ ደገፍ ብሎ ሳለ አንድ ቀንድ ያላት ነጭ ፈረስ በጫካ ስትሮጥ ያልማል። ጥቂት ሰከንድ ነው። ሕልሙን ለማንም አልነገረም። ታዲያ ጋፍ በምን አወቀ? ዴከርድ የሬቸልን የልጅነት ትዝታ ሳትነግረው ያወቀው ፋይሏን ስላየ ነው። ጋፍም የዴከርድን ሕልም ካወቀ የሱም ፋይል አለ ማለት ነው። አዳኙ ራሱ ታዳኝ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ታላቃችን እጁን ያነሳው። «የምን ሕልም? እኔ ባየሁት ላይ ፈረስ አይሮጥም። ደግሞ መጨረሻው ላይ መኪና ውስጥ ናቸው። ተራራ አለ፣ ፀሐይ አለ። ሰውየው ራሱ ይተርካል።»

ወጣቶቹ ሳቁበት። «ጋሼ፣ ከሌላ ፊልም ጋር ተምታቶብህ ነው።»

አልተምታታበትም። ልክ ነው። ሁለቱም ወገን ልክ ነው።

የዚህ ፊልም ጉድ እዚህ ጋ ነው። 1982 መጋቢት ላይ ዴንቨርና ዳላስ ውስጥ ለሙከራ ለተመልካች ታየ። ተመልካቹ ግራ ተጋባ፣ አልወደደውም። ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ደነገጡ። ዴከርድ ታሪኩን እየተረከ እንዲያስረዳ ትረካ ተጨመረበት። ፎርድ ትረካውን አልወደደውም፤ ድምፁን ስትሰሙት ይታወቃችኋል፣ ተገዶ ምንባብ እንደሚያነብ ተማሪ ነው። ደስ የሚል መጨረሻም ተቀጠለለት፤ ሁለቱ በመኪና በተራሮች መሃል ሲሄዱ። የተራሮቹ ምስል ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ስታንሊ ኩብሪክ ለ«ዘ ሻይኒንግ» ከሄሊኮፕተር አስቀርጾ ሳይጠቀምበት የተረፈ ነው። የሌላ ፊልም ትርፍራፊ! ትረካው ደግሞ ሬቸል ልዩ ናት፣ የአራት ዓመት ገደብ የለባትም ይለናል። በቃ፣ ጥያቄ የለም፣ ሁሉም ሰላም።

ያኛው ቅጂ ላይ ሕልሙ የለም። የወረቀቷ ፈረስ ግን አለች። ልብ በሉ፣ ያው ፈረስ፣ ያው ወረቀት ናት። ሕልሙ ከሌለ የፈረሷ ትርጉም «ጋፍ እዚህ መጥቶ ነበር፣ ግን ሬቸልን ሳይገድላት ሄደ» ነው። ሕልሙ ካለ «ጋፍ ማን እንደሆንክ ያውቃል» ይሆናል። ጥቂት ሰከንድ ምስል ገብታ ሌላውን ሁሉ ገለበጠችው።

1992 ላይ የዳይሬክተሩ ቅጂ የሚባለው ወጣ። ትረካው ተነሳ፣ ተራራው ተነሳ፣ ሕልሙ ገባ፣ ፊልሙ አሳንሰሩ ላይ አለቀ። 2007 ላይ ደግሞ ስኮት ራሱ ጨርሼዋለሁ ያለው ቅጂ መጣ። እኛ ያየነው እሱን ነው። ለሙከራና ለቴሌቪዥን የተዘጋጁትን ጨምሮ ሰባት ያህል ቅጂ አለ ይባላል። ስለዚህ ስለ «ብሌድ ራነር» መጨረሻ የምትከራከሩት ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛውን ነው ያየኸው?» ተብሎ ነው። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያው ያልቃል።

ግማሹ ግን አያልቅም።

ለዴከርድ ሪፕሊካንትነት የሚቀርበው ማስረጃ ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ ያስቃል። አንድ ትዕይንት ላይ ከሬቸል ኋላ ቆሞ ዓይኑ እንደ ድመት ዓይን ያበራል፤ ሪፕሊካንቶቹ ዓይን ላይ የምናየው ብርሃን ነው። ይሄ ጠንካራ ነው። ጋፍ መጨረሻ ላይ የሚያሞግስበት ቃልም አለ። በእንግሊዝኛው ወንድም ሰውም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ «የወንድ ሥራ ሠራህ» እና «የሰው ሥራ ሠራህ» አንድ ላይ ይሰማሉ። በአማርኛ አንዱን ስንመርጥ ሌላው ያመልጠናል። የዱሮ ተርጓሚዎቻችን «የወንድ ሥራ» ብለው ካለፉት ፍንጩን ሳያውቁ በልተውታል።

የሚያስቀው የቆጠራው ማስረጃ ነው። በ1982ቱ ቅጂ የዴከርድ አለቃ ስድስት ሪፕሊካንቶች አመለጡ፣ አንዱ ሞተ ይላል። አምስት ሊቀሩ ነው። ፊልሙ ውስጥ የሚታደኑት ግን አራት ናቸው። አንዱ የት ሄደ? ዴከርድ ነዋ! ስንቱ ሰው በዚህ ሲፈላሰፍ ኖረ። ጉዳዩ ግን የሒሳብ ስህተት ነበር። አንዲት ተጨማሪ ሪፕሊካንት ነበረች፣ ከመቀረጿ በፊት ከታሪኩ ወጣች፣ የአለቃው ንግግር ግን ሳይስተካከል ቀረ። 2007 ላይ «ሁለቱ ሞቱ» ተብሎ ታረመ። ይህን ስናገር ከመካከላችን ፖሊ (ፖሊ ቴክኒክ) የሚማረው ልጅ በጣም አዘነ። «ምርጡ ማስረጃዬ እኮ ነበር» አለ።

ሰሪዎቹን መጠየቅስ? ተጠይቀዋል። ስኮት ዴከርድ ሪፕሊካንት ነው ብሎ በአደባባይ፣ ደጋግሞ ተናግሯል። ስክሪፕቱን የጀመረው ሃምፕተን ፋንቸር ሰው ነው ይላል። ፎርድ ለብዙ ዓመታት «ሰው ነው፣ ስንሠራ በዚህ ተስማምተን ነበር» ሲል ኖሮ፣ 2023 ላይ በአንድ ቃለ መጠይቅ ሪፕሊካንት መሆኑን ሁልጊዜም አውቀው ነበር፣ ብቻ መቀበል አልፈለግኩም አለ። ይቺን አባባል እወዳታለሁ። ገጸ ባሕሪው ቢጠየቅም የሚሰጠው መልስ እኮ ይሄው ነው።

የልጅነት ጨዋታችን ትዝ አይላችሁም? እንቆቅልሽ። ምን አውቅልህ። ይጠየቃል፣ ይታሰባል፣ ሲያቅት «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ሰጠሁህ ትላለህ። ጠያቂው ጎንደር ላይ ነግሦ፣ እንዳሻው በልቶ ጠጥቶ፣ አንተን ተሳድቦ ሲያበቃ መልሱን ይነግርሃል። አንተም እጅህን ትሰጣለህ። የጨዋታው ሕግ ይሄ ነው፤ ሀገር የተቀበለ መልስ አለበት፣ ሀገር የሰጠ መቀበል አለበት።

ስኮት ላይ የሆነው ከሕጉ ውጭ ነው። ሀገር ተሰጥቶታል። መልሱንም ነግሮናል። ተመልካቹ ግን «አይ፣ አልተቀበልነውም» ብሎ አርባ ዓመት ጨዋታውን ቀጠለ። ጠያቂው ተነስቶ ሄዷል፣ ተጠያቂዎቹ እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ ነው።

ለምን አልተቀበልነውም? ሰው እንቢተኛ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። መልሱ ከጥያቄው ስለሚያንስ ነው። የኔን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ከሮይ ባቲ ነው የሚነሳው።

ሮይ የሪፕሊካንቶቹ መሪ ነው፤ ሩትገር ሃወር የሚባል የሆላንድ ተዋናይ ነው የሠራው። ዴከርድ ከጓደኞቹ ሁለቱን ገድሎበታል። መጨረሻ ላይ ዝናብ እየወረደ ዴከርድ ከጣሪያ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እጁ ሊለቅ ነው። የሮይ አራት ዓመት ደግሞ ሊያልቅ ደቂቃዎች ቀርተውታል። መተው ይችላል። አይተወውም። ክንዱን አፈፍ አድርጎ ያወጣዋል። ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ ያየው ሁሉ በዝናብ ውስጥ እንዳለ እንባ እንደሚጠፋ ተናግሮ ይሞታል። ሃወር ከቀረጻው በፊት የነበረውን ረጅም ንግግር ራሱ ቆርጦ ያሳጠረው፣ የእንባውን ነገር የጨመረውም ራሱ ነው።

አሁን አስቡት። ዴከርድ ሰው ከሆነ፣ የተሠራው ፍጡር ሊገድለው የመጣውን ሰው ማረ ማለት ነው። ሰው ያጣውን ርኅራኄ ማሽን ተብዬው አሳየው። ዴከርድ ሪፕሊካንት ከሆነ ግን ሮይ ያዳነው ሳያውቀው ወገኑን ነው። ይሄም ያሳዝናል፣ ግን ክብደቱ ቀነሰብኝ። ስለዚህ እኔ ዴከርድ ሰው ነው ባይ ነኝ። ሕልሙም ዓይኑም እያለ። ማስረጃው ከኔ ጋር አይደለም፣ አውቃለሁ።

ፖሊ የሚማረው ልጅ አልዋጥ አለው። «ሮይ ዴከርድ ምን እንደሆነ መቼ ያውቃል? ሰው መስሎት ነው ያዳነው። ስለዚህ ምሕረቱ አልቀነሰም። የቀነሰው አንተ ላይ ነው።» አሰብኩበት። ሁለት ቀን አሰብኩበት። እስካሁን ጥሩ መልስ የለኝም።

ከመካከላችን አንዱ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የዋለ ነው። እሱ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየ። አንዱ «ያው ሰምና ወርቅ ነዋ» ሲል ግን ተቆጣ። እውነቱን ነው፤ እኛ ሀገር ያልገባን ነገር ሁሉ ሰምና ወርቅ ነው ተብሎ ይታለፋል። «በሰምና ወርቅ ወርቁ አለ» አለ። «ባለ ቅኔው ቀብሮታል፣ አንተ ትቆፍራለህ። ስታገኘው አገኘሁት ትላለህ፣ መምህሩም አዎ ይልሃል። ሰሙ ከዚያ ወዲያ ሥራው አልቋል። ይሄ ፊልም ግን ሁለቱንም ብትቆፍር ሁለቱም ወርቅ ነው። አንዱን ስታነሳ ሌላው አይቀልጥም።» ቀረብ ይላል ካልን ኅብር ይቀርባል አለ፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ የሚቆምበት። እሱንም ቢሆን እያመነታ ነው ያለው።

ነገሩ የተማከረ ጥበብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዚህ መጨረሻ ግማሹ የጭቅጭቅ ውጤት ነው። ፕሮዲውሰር ከዳይሬክተር፣ ዳይሬክተር ከተዋናይ ተጋጭተው፣ ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ እንደገና ተቆርጦ ነው እዚህ የደረሰው። ገበያውም አልቀናውም ነበር። ሰኔ 25 ቀን 1982 ሲወጣ ሕዝቡ ሁለት ሳምንት ቀድሞ የወጣውን «ኢ.ቲ.» ለማየት ተሰልፏል። ደግ እንግዳ ከሰማይ መጥቶ ሳለ ዝናብና ጨለማ ማን ይፈልጋል? በዚያው ቀን የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ»ም ወጣ። እሱም ከሰረ። እሱም የሚያልቀው ሁለት ሰዎች በረዶ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው፤ አንዳቸው ሰው ይሁን አይሁን ሳይታወቅ። ሁለት ፊልም፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጥያቄ። ሁለቱም ያኔ ወደቁ፣ ሁለቱም ዛሬ እንደ ክላሲክ ይታያሉ።

እንግዲህ ተከታዩ ላይ እንድረስ። ተከታይ ፊልም ሲባል ሁልጊዜ ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። ጥያቄ ጥሎ ያለቀ ፊልም ቀጣይ ሲሠራለት አንዱ ነገር መሆኑ አይቀርም፤ ወይ ጥያቄውን ይመልሰዋል፣ ወይ እንዳላየ ያልፈዋል። ሁለቱም ቀሽም ነው። በ2017 ዴኒ ቪልነቭ የሠራው «ብሌድ ራነር 2049» ግን ሦስተኛ መንገድ አገኘ። ጥያቄውን ወረሰው።

ዴከርድ እዚያ ላይ አለ፣ ሠላሳ ዓመት አርጅቶ። ሶኬት የነካካው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «አረጀ? አለቀ! ሰው ነው» ብሎ ተነሳ። ቁጭ አስደረግነው። በ2049 ዓለም የዕድሜ ገደብ የሌለባቸው ሪፕሊካንቶች አሉ፣ ስለዚህ ሽበት ማስረጃ አይሆንም። ፊልሙ ይህን በር ሆን ብሎ ከፍቶ ነው የተወው። ዋላስ የሚባለው ባለሀብት ዴከርድን ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ከሬቸል ጋር እንድትዋደድ ተደርገህ ተሠርተህ ቢሆንስ ይለዋል። «ቢሆንስ» ላይ ይቆማል።

ከሁሉ የምወዳት ግን የውሻዋ ትዕይንት ናት። የራያን ጎስሊንጉ ገጸ ባሕሪ ኬ፣ ዴከርድ የተደበቀበት ቦታ ይደርሳል። ዴከርድ ውሻ አለው። ውሻው ውስኪ የፈሰሰበትን ወለል ይልሳል። ኬ ይጠይቃል፤ እውነተኛ ነው? ዴከርድ ይመልሳል፤ አላውቅም፣ ራሱን ጠይቀው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲጠየቅ ለኖረው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ይሄ ነው። ሳቅን፣ ከዚያ ዝም አልን።

ፊልሙ ጉድጓዱን ደግሞ ጥልቅ አደረገው። ሬቸል አርግዛ ወልዳለች፣ በወሊድ ሞታለች። እንግዲህ ዴከርድ ሰው ከሆነ ልጁ የሰውና የሪፕሊካንት ድብልቅ ነው። ሪፕሊካንት ከሆነ ደግሞ የተሠሩት ፍጥረቶች ያለ ሰው መውለድ ጀምረዋል ማለት ነው፤ ያ ዓለሙን ሁሉ ይገለብጣል። በ1982 የአንድ ሰው የግል ጉዳይ የነበረው ጥያቄ በ2017 የዘር ጥያቄ ሆነ። እንዲያም ሆኖ አይመልሱትም። ጎበዞች ናቸው።

ከዚያ ራሱም ሌላ ጥያቄ ጥሎ አለቀ። ኬ ያ የተወለደው ልጅ እኔ ነኝ ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ አይደለም። ቆስሎ ደረጃ ላይ ይጋደማል፣ በረዶ ይወርድበታል፣ ሮይ ሲሞት የሰማነው ዜማ ይመለሳል። ሞተ? ፊልሙ አይናገርም። እኔ ሞቷል እላለሁ። ዜማው ይበቃኛል። ፊልሙ ገንዘቡ ላይ ደግሞ የአባቱን፣ የመጀመሪያውን ፊልም፣ ዕጣ ደገመው፤ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ ገበያው እንደተጠበቀው አልሆነም። የካሜራ ሥራው ግን ለቀራጩ ለሮጀር ዲኪንስ የመጀመሪያውን ኦስካር አስገኘለት፤ ከዚያ በፊት አሥራ ሦስት ጊዜ ታጭቶ ባዶ እጁን ተመልሷል።

ታዲያ ከ2099 ምን እንጠብቅ? የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ነው። ተከታታይ ድራማ በባሕሪው መልስ ይወዳል። ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል አስጨንቆህ በር ይዘጋብሃል፣ አንተም ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ድራማ ግን በየክፍሉ ትንሽ ምስጢር መፍታት አለበት፤ አለዚያ ሰው አይመለስም። ስምንት ወይም አሥር ክፍል ሙሉ ማን ሰው እንደሆነ ሳይነገረው የሚቀመጥ ተመልካች የለም። አንድ ቀን አንዱ ጸሐፊ «ለምን የዴከርድን ነገር አንቋጨውም?» ማለቱ አይቀርም። በ2099 የድሮ ፋይል መገኘት ነው፤ አንድ መሳቢያ፣ አንድ ስም፣ አለቀ። እንዳያደርጉት እንጂ። ሰማንያ ዓመት የዘለሉት ምናልባት ከዚህ ለማምለጥ ይሆናል። በዚያ ዘመን ዴከርድን የሚያስታውስ ሰው ባይኖር ደስ ይለኛል።

ሌላው ነገር፣ ጥያቄው ራሱ አርጅቶ እንዳይሆን እሰጋ ነበር። ፖሊ የሚማረው ልጅ ግን ስልኩን አወጣ። አንድ ድረ ገጽ ሊገባ ሲል «ሮቦት አይደለሁም» የምትለውን ሳጥን እንዲነካ ተጠየቀ። ነካ። ከዚያ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ ተባለ። ኢንተርኔቱ ተንቀራፎ ሥዕሎቹ ሳይከፈቱ ጊዜው አለፈ። ድጋሚ ሞከረ፣ ድጋሚ ወደቀ። ፊልሙ ውስጥ ሪፕሊካንት የሚለየው የዓይንን ብሌን እያዩ ስሜት የሚነካ ጥያቄ በመጠየቅ ነው፤ ሰው ማሽኑን ይመረምራል። እኛ ጋ መርማሪው ማሽኑ ነው። ልጁም ሦስት ጊዜ ወድቆ ሰው መሆኑን ሳያረጋግጥ ስልኩን ዘጋ። ቲክቶክ ላይ በሰው ድምፅ በአማርኛ የሚያወራው ሰው ይሁን አይሁን የሚጠይቅ ሰው እየበዛ ነው። እናቴ ሳትቀር ባለፈው «ይሄ የእውነት ሰው ነው?» ብላኛለች። መልሴ የዴከርድ ነበር።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበላ ተገናኘን። ታላቃችን አልረሳውም። ቀረሶው እስኪጠበስ ድረስ የልጅነቱን ቪዲዮ ቤት ሲነግረን ቆየ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ መቀመጫው የእንጨት አግዳሚ፣ ፊልሙ በካሴት፣ አማርኛውን አንድ ሰው ከላይ የሚያወራበት። ዴከርድም ሬቸልም ሮይም በአንድ ወንድ ድምፅ ነው የሚናገሩት። ስለ ተራራውና ስለ ትረካው ልክ መሆኑን አሁን ሁሉም አምኖለታል። ኮራ ብሎ ተቀምጧል።

«ደግሞ» አለ እጁን እየታጠበ፣ «ልጅ ይወልዳሉ። መጨረሻ ላይ ተርጓሚው ተናግሯል። ሴት ልጅ።»

ዓሣው ቀረበ። ማንም አልነካውም።

ቪዲዮ ቤት ያየው ፊልም ላይ ልጅ የለም። በየትኛውም ቅጂ የለም። ልጅ የመጣው በ2017 ነው። እሱ ደግሞ 2049ን አላየሁም ይላል፤ ስለ እሱ ያወራንለት ትናንት ማታ ነው፣ ያውም ልጅ አልን እንጂ ወንድ ይሁን ሴት አላልንም። ተርጓሚው ከራሱ ጨምሮ ይሆናል፤ ያኔ ይጨምሩ ነበር። ወይ ደግሞ ትናንት የሰማው ከድሮው ጋር ተጣብቆበታል። ቅኔ ቤት የዋለው ልጅ «እርግጠኛ ነህ?» አለው።

«በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ከምሳ በኋላ ካሴቱን ልንፈልግ ባጃጅ ይዘን ሄድን። ቦታውን አላጣውም፤ ቀጥታ ነው የወሰደን። ቪዲዮ ቤቱ ሞባይል መጠገኛ ሆኗል። የሚሠራው ልጅ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ካሴት ስንለው መጀመሪያ አልገባውም፣ ከዚያ ፍላሽ አውጥቶ «ምን ላስገባላችሁ?» አለን።